ሳይክሉን ከምትከለክሉ ፍሬኑን አሰሩት

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

እኔ ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም፣ ቅዳሜ ጠዋት ማኪያቶዬን ይዤ የሰው ደብዳቤ አንብቤ፣ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ፣ ጋዜጣውን አጥፌ ነው የምነሳው። የዛሬውን ግን ሳልጽፈው ብቀር እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም፣ ከረዘመባችሁ ቆራርጣችሁ አውጡልኝ፣ አልቀየምም። ነገሩ የሳይክል ነው፣ የልጆች ሳይክል።

የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የትኛው ሳይት እንደሆነ ይቅር። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የስምንት አመት ልጅ በር ላይ ከሚያከራዩት ልጆች ለግማሽ ሰዓት ሳይክል ተከራይቶ በብሎኮቹ መሀል ያለችውን ቁልቁለት ወረደ። ወረደ ስላችሁ ፈልጎ አይደለም፣ ማቆም ስላልቻለ ነው። ከታች የቆመ ፒካፕ ባይኖር ኖሮ በቀጥታ ዋናው አስፋልት ላይ ነበር የሚወጣው፣ ፒካፑ ጋር ተላተመና ክንዱ ተሰበረ፣ ሁለት የፊት ጥርሱም ሄደ። ጭንቅላቱ ተረፈ፣ ተመስገን ነው። እኔ ጓ ሲል ሰምቼ ከሦስተኛ ፎቅ ስወርድ ሰው ከቦታል፣ አንዷ ጎረቤታችን የቡና ዱቄት በጭልፋ ይዛ ትሮጣለች፣ እናቱ «ማን ሳይክል ውጣ አለህ! ማን ውጣ አለህ!» እያለች ታለቅሳለች። ልጁን ይዘውት ሲሄዱ ሳይክሉ እዛው መሬት ላይ ቀረ። አነሳሁትና ፍሬኑን ጨመቅኩት። የፊቱ ገመድ ጭራሽ የለም፣ የኋላው እጀታ ደግሞ ሲጨመቅ መሪው ጋ ድረስ ይገባል፣ ጎማው ግን እንደልቡ ይዞራል። ይሄን ሳይክል ነው እንግዲህ ለስምንት አመት ልጅ በግማሽ ሰዓት ሒሳብ የሰጡት፣ እኛም ሁላችን በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍን «እንዴት አደራችሁ» እያልን የምንሄደው።

በሦስተኛው ቀን የኮሚቴው ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ከዛሬ ጀምሮ በግቢው ውስጥ ሳይክል መንዳት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ማህተም ሁሉ አለው። ብዙ ሰው ተገላገልን አለ፣ ጥበቃውም ደስ አለው። ልጆቹ ግን ሳይክል አላቆሙም እኮ፣ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ከበር ወጥተው አስፋልቱ ዳር መንዳት ጀመሩ፣ ከባጃጁ ከሲኖትራኩ ከሚኒባሱ ጋር እየተጋፉ። ማለትም ግቢያችን ሰላም ሆነ፣ አደጋው በር ላይ ወጣ። እኔ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ይሄን ስል «አንተ ደግሞ ለሳይክል ጠበቃ ቆምክ እንዴ» ተባልኩኝ። ጠበቃስ አልቆምኩም፣ ግን ቆይ፣ ልጁ መንዳት ስላወቀ ነው የተጎዳው ወይስ ማቆም ስላላስተማርነው?

እኔ ያደኩት ባህር ዳር ነው። ባህር ዳርን የሚያውቅ ይገባዋል፣ ከተማው ሜዳ ነው፣ ዘንባባው ዳርና ዳር ቆሟል፣ በኛ ጊዜ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ሺፍት ሲለቀቅ መንገዱ በሳይክል ይሞላ ነበር፣ አባወራው ሚስቱን ከኋላ ልጁን ከፊት ብረቱ ላይ አድርጎ ለንግሥ የሚሄድበት አገር ነው። እኔና ወንድሜ የለመድነው በአባታችን ሳይክል ነው፣ ኮርቻው ላይ ስለማንደርስ አንድ እግራችንን በብረቱ ስር አሾልከን፣ እንደ ሸርጣን ተጣመን። ፍሬን? ፍሬናችን ሸበጣችን ነበር። ጎማው ላይ ጫን ታደርገዋለህ፣ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፣ ትቆማለህ። ሶሉ ተበልቶ ሲያልቅ እናቴ «ይሄን ጫማ ውሻ ነው እንዴ የሚበላው» ትለን ነበር።

ይሄን ስናወራ እንስቃለን፣ «እኛ እንደዛ ሆነን አድገን ምን ሆንን» የምትል ነገርም አለችን። ምን ሆንን? የወንድሜ አገጭ ላይ እስከዛሬ ስፌት አለ። ደግሞ አንድ ነገር ልበላችሁ፣ ምንም ያልሆነው ነው ቁጭ ብሎ የሚያወራው፣ የሆነውማ መጥቶ አያወራም። በዛ ላይ የኛ ባህር ዳር ያኔ መኪናው በጣት የሚቆጠር፣ መንገዱም ሜዳ። አዲስ አበባ እኮ እንጦጦ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ሆና ጀምራ አቃቂ ስትደርስ 2100 ገደማ የምትወርድ ከተማ ናት፣ ቁልቁለት ያልሆነ ሰፈር ፈልጋችሁ አሳዩኝ። እና በሸበጥ ፍሬን የባህር ዳር ልጅ ይተርፋል፣ የሽሮ ሜዳ ልጅ አይተርፍም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፣ ሰው ላይ ብቻ ጣቴን ብቀስር ነውር ነው። እኔም ለትልቁ ልጄ የመጀመሪያ ሳይክል ስገዛ እንደ ዩኒፎርም ነው የገዛሁት። ታውቃላችሁ አይደል፣ እጅጌው እስኪጠቀለል ድረስ ትልቅ ተገዝቶ «ለሚቀጥለው አመትም ይሆነዋል» የሚባለውን። ሻጩም «ጋሼ 20ውን ውሰድ፣ 16 ብትወስድ በአመቱ ትመጣለህ» አለኝ (የጎማው ቁጥር ነው፣ በኢንች)፣ እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ 20ውን ተሸክሜ ገባሁ። ልጁ ያኔ ገና አምስት አመቱ ነበር፣ በእግሩ ጣት ነው መሬት የሚነካው፣ ጣቶቹ የፍሬን እጀታው ላይ አይደርሱም፣ በደረሱም ለመጭመቅ አቅም የለውም። ሁለቴ ወደቀና ጠላው። አመት ሙሉ ሳይክሉ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጫ ሆኖ ከረመ። ወላጆች እባካችሁ፣ ቁጥሩን የሻጩ አፍ አይወስንላችሁ፣ ልጁን ይዛችሁት ሂዱ፣ ብረቱን በሁለት እግሩ መሀል አድርጎ ሲቆም ሁለቱም ተረከዙ መሬት መንካት አለበት፣ ለጀማሪ ደግሞ ኮርቻው ላይ ቁጭ ብሎም እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት ቢረግጥ ነው የሚሻለው። ከዛ ፍሬኑን ጨምቅ በሉት። ጣቱ ካልደረሰ ብዙ እጀታ ላይ ትንሽ ቡሎን አለች፣ እሷን ስታዞሩ እጀታው ወደ መሪው ይጠጋል፣ ያም ካልሆነ ሳይክሉ የሱ አይደለም፣ ቢረክስም ቢያምርም።

በትንሿ ልጄ ግን ተማርኩኝ። አሁን ስድስት አመቷ ነው። እሷን ሳስተምር መጀመሪያ ያደረግኩት ፔዳሉን መፍታት ነው። አዎ፣ ሁለቱንም ፔዳል። ከኋላ ግራና ቀኝ የሚገቡትን ትንንሽ ጎማዎችም ጣልኳቸው፣ ሰው እነዛን ለሴፍቲ ነው የሚላቸው ግን ልጁን ባላንስ አያስተምሩትም፣ እንደ ባጃጅ ነው የሚያደርጉት፣ ሳይክል ኩርባ ላይ ዘንበል ይላል እነሱ ዘንበል አያስብሉም፣ ሲፈቱ ልጁ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ፔዳል ከሌለ ኮርቻውን እስከ መጨረሻ ዝቅ ታደርጉና ልጅ ቁጭ ብሎ በእግሩ ይገፋል፣ መጀመሪያ ይራመዳል፣ ቀጥሎ ይሮጣል፣ አንድ ቀን ሳያስበው ሁለቱንም እግሩን አንስቶ ሦስት አራት ሜትር ሲንሸራተት ታያላችሁ፣ በቃ ባላንስ ማለት እሱ ነው። መውደቅ እንኳን ቢመጣ እግሩ መሬት ጋር ነው።

ባይ ዘ ዌይ ፔዳል ስትፈቱ እኔን እንዳደረገኝ እንዳያደርጋችሁ። ቁልፉ ቁጥር 15 ነው፣ የቀኙ ልክ እንደሌላው ቡሎን ወደ ግራ ሲዞር ተፈታልኝ፣ የግራውን ግን ግማሽ ሰዓት ታገልኩት፣ በቁልፉ ላይ ቆምኩበት ሁሉ፣ አልንቀሳቀስ አለ። ተሸክሜው ታች ሳይክል የሚሰራው ልጅ ጋ ስሄድ አይቶኝ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ የግራው እኮ በተቃራኒው ነው፣ ስትፈታው ሳይሆን ስታጠብቀው ነው የዋልከው።» ለካ ስትነዳው እየላላ እንዳይወጣ ነው የግራው ፔዳል ጥርስ ተገልብጦ የሚሰራው። አርባ አመት ሳይክል ነድቼ ይሄን አለማወቄ!

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የታችኛው ፓርኪንግ ባዶ ስለሚሆን እዛ ነበር የምንወርደው (ሳይከለከል በፊት ማለቴ ነው)። ሦስት እሁድ ያለ ፔዳል፣ በአራተኛው ፔዳሉን መለስኩላት። ስይዛት መሪውን አልያዝኩም፣ መሪውን ከያዛችሁት የምትነዱት እናንተ ናችሁ፣ ትከሻዋን ወይ ብብቷን ነው ቀለል አድርጎ መያዝ። ደግሞ አይኗ ጎማው ላይ እንዳይሆን፣ ልጅ የሚያየው ቦታ ነው የሚሄደው፣ ድንጋይዋን ካየ ድንጋይዋን ነው የሚመታው፣ እኔ ከፊት እናቷን አቆምኩና «ማሚን እያየሽ ነይ» አልኳት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ፣ ሁላችንም የምናደርጋት ውሸት። ልጁ «አባዬ አትልቀቀኝ» ይላል፣ እኛ «አልለቅህም አይዞህ» እንላለን፣ እንለቃለን፣ ልጁ ዞሮ ሲያይ የለንም፣ ደንግጦ ይወድቃል፣ እኛ እናጨበጭባለን። አባቴም እንደዛ ነው ያደረገኝ። እኔ ግን ለትንሿ «አሁን ልለቅሽ ነው» ብዬ ነው የለቀቅኳት፣ «አንድ ሁለት ሦስት» ብለን። ትንሽ ፈራች፣ ግን እያወቀች ሄደች። አባት የሚዋሽ ከሆነ ነገ አስፋልት ጫፍ ላይ «ቁሚ» ሲላት ለምን ትስማው?

ዋናው ግን ማቆም ነው ብያችኋለሁ። ገና ፔዳል ሳይኖራት ነው ፍሬን ያስተማርኳት፣ እየተራመደች ጨምቂ፣ ልቀቂ፣ ጨምቂ። የፊቱ የትኛው እጅ ላይ እንደሆነ ሳይክሉ ይለያያል፣ አንዱ በግራ ነው ሌላው በቀኝ፣ ስለዚህ ራሳችሁ ጨምቃችሁ እዩት፣ የፊቱ ብቻውን በድንገት ከተጨመቀ ሳይክሉ ከኋላ ተነስቶ ልጁን በመሪው ላይ አሳልፎ ይወረውረዋል፣ ሁለቱን እኩል፣ ቀስ ብሎ። (በፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ የልጆች ሳይክልም አለ፣ ለትንንሾች ቀላል ነው፣ ችግሩ ካቴናው ከወጣ ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል።) ከዛ በጠመኔ መሬት ላይ መስመር አሰመርኩኝ፣ ልክ ሰኞ ማክሰኞ እንደሚሰመረው፣ የፊት ጎማሽ መስመሩን ሳይነካ ቁሚ፣ ከነካሽ ተቃጠልሽ። ታላቅ ወንድሟና የጎረቤት ልጆች መጥተው ተሰለፉ፣ አንደኛው ትራፊክ ፖሊስ ሆኖ እጁን ሲያነሳ ሁሉም መቆም አለባቸው። እሁዱን ሙሉ ይሄን ሲጫወቱ ዋሉ። ፈጥኖ የሄደ ሳይሆን አሳምሮ የቆመ ነው ያሸነፈው፣ ይሄ ለወንዶቹ ትንሽ ከብዷቸው ነበር።

ቀጥላ ወደ ኋላ ማየት ተማረች። እየነዳች እያለ ከኋላዋ ሆኜ ጣቴን አነሳለሁ፣ ዞር ብላ «ሦስት!» ትላለች፣ መጀመሪያ ዞር ስትል መሪውም አብሮ ይዞር ነበር፣ ሳምንት ፈጀባት። ይሄ ጨዋታ የሚመስላችሁ ካላችሁ ልጁ መንገድ ላይ ወጥቶ ከኋላው ጡሩምባ ሲነፋ ምን እንደሚያደርግ አስቡት፣ ዞር ይላል፣ ሳይክሉም ዞሮ መሀል መንገድ ይገባል።

የግቢ በር ላይ ደግሞ ሕግ አለን፣ የኛ ቤት ሕግ ነው፣ በር ጋ ሲደርሱ እግር መሬት። መቀነስ አይደለም፣ መቆም፣ እግር መሬት። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። ግራ የሚቀድመው መኪና ቅርብ የሚመጣው ከግራ ስለሆነ ነው። አማቴ አንዴ ይሄን ስሰጥ ሰምተው «በጃንሆይ ጊዜ እኮ መኪና በግራ ነበር የሚሄደው» አሉና ለልጆቹ ትረካ ጀመሩ፣ እውነታቸውን ነው፣ በ1956 ዓ.ም. ነው ወደ ቀኝ የተቀየረው፣ እሳቸው ያኔ ልጅ ነበሩ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ሲሻገር ግራ ተጋብቶ እንደነበር ያወራሉ። የሆነ ሆኖ የስድስት የሰባት አመት ልጅ አስፋልት ላይ ብቻውን አይወጣም፣ በዛ ዕድሜ የመኪና ርቀትና ፍጥነት አስልቶ መወሰን አይችልም፣ ጎበዝ ተማሪም ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2023 እንዳወጣው በመንገድ አደጋ በአመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል፣ ከ5 እስከ 29 አመት ላሉት ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚገድላቸው እሱ ነው፣ በሽታም አይደለም፣ ረሃብም አይደለም።

ትልቁ ልጄ አሁን አስራ አንድ ሆኗል፣ እሱን አብሬው ነው አስፋልት ዳር የማወጣው፣ እኔ ከኋላው ትንሽ ወደ መሀል ገባ ብዬ። ምን ምን አሳየሁት? የሚኒባስ በር። ሚኒባስ ቆሞ ካያችሁ ረዳቱ በሩን በቀኝ በኩል ነው የሚከፍተው፣ ሳይክል የሚያልፈውም እዛው ነው፣ እና ሰው ዘሎ ይወርድብሃል። ሲኖትራክና አይሱዙ ደግሞ ሾፌሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ጎኑ ስር ያለ ልጅ አይታየውም፣ መታጠፊያ ላይ ከጎኑ ከመግባት ከኋላው መቅረት። ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል፣ የፊት ጎማ የሚውጥ የቦይ ፍርግርግ፣ ክረምት ላይ ዝናብ ያረፈበት ኮብልስቶን እንደ ሳሙና መሆኑ። ውሻ ሲያባርረው አለመሮጥ፣ ወርዶ ሳይክሉን በራሱና በውሻው መሀል አድርጎ መቆም፣ ይሄን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ለምደውታል ውሻው ራሱ ተስፋ ቆርጧል። የጫማ ክር ወደ ውስጥ፣ ሰፊ ሱሪ በካልሲ ውስጥ፣ ሴቶቹ ነጠላና ሻርፕ አይለብሱም፣ ካቴና ወይ ሽቦው ውስጥ ከገባ ይጎትታቸዋል።

ሄልሜት ላይ ስንመጣ ሰው ይስቃል። ልጄን አንዱ «ጨረቃ ልትሄጂ ነው?» ብሏት ለሁለት ቀን አልለብስም ብላኝ ነበር። እኔም ለበስኩና አብረን ሄድን፣ ሁለታችንም ተሳቀብን፣ አለፈ። የሳይክል ሄልሜት ጭንቅላት ላይ የሚደርስ ጉዳትን ከ63 እስከ 88 በመቶ እንደሚቀንስ በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው፣ ግን በትክክል ሲደረግ። አብዛኛው ልጅ እንደ ኮፍያ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎት ግንባሩን አስጥቶ ነው የሚሄደው። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት፣ ማሰሪያው ጆሮውን በሁለት በኩል አቅፎ ስሩ ላይ የሚገናኝ፣ አገጩ ስር አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ። የሞተር ሄልሜት ለልጅ አታድርጉ፣ ለአንገቱ ይከብዳል። አንዴ ከነሄልሜቱ ክፉኛ ከወደቀ ሄልሜቱ ባይሰነጠቅም መቀየር ነው፣ ውስጡ ተጨምቆ ሥራውን ጨርሷል። ሳይክሉን አቁሞ ዛፍ ሊወጣ ከሆነ ደግሞ ሄልሜቱን ማውለቅ አለበት፣ ማሰሪያው ሊያንቀው ይችላል።

እና ቡናው። ጎረቤቴ ታነበዋለች፣ ትቀየመኝ ይሆናል፣ ግን እቴ ቁስል ላይ ቡና አይደረግም። ለቁስል ንጹህ ውሃና ሳሙና፣ ከዛ ንጹህ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው ቡናውን ከቁስሉ ውስጥ መልቀም ነበር፣ ልጁ ከስብራቱ በላይ በሱ ነው የጮኸው። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደግሞ ካስመለሰው፣ የሚያወራው ከተምታታበት፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም አልነቃ ካለ «ይተኛ ይሻለዋል» አይባልም፣ በዛች ደቂቃ ወደ ሐኪም ነው።

ሌላው የሴት ልጅ ነገር። አንዲት እናት «ለወንዱማ እሺ፣ ለሷ ምን ይሰራላታል» አለችኝ። ባህር ዳር ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ግራ ይገባዋል፣ ሳይክላቸውን እየነዱ ገበያ የሚወጡ እናቶች ሲያይ ነው ያደገው። ከዚህ በላይ አልልም፣ ልጄ ሳይከለከል በፊት እሁድ እሁድ ወንዶቹን በጠመኔው መስመር ላይ ስታሸንፋቸው መጥታ ባየች።

አሁን ወደ ተነሳሁበት። የሚያከራዩት ልጆች ጋ ሄጄ ነበር። ልሳደብ ነበር የሄድኩት እውነቱን ለመናገር፣ ሳያቸው ግን ራሳቸው ልጆች ናቸው፣ ትልቁ አስራ ዘጠኝ ቢሆነው ነው፣ ስድስት ሳይክል ይዘው እናታቸውን የሚያግዙ። አደጋው ከደረሰ ወዲህ ፊታቸው ጠቁሯል። «ፍሬኑን ለምን አታሰሩትም» ስላቸው «ጋሼ ልጆቹ እኮ ፍሬን አይጠይቁም፣ የሚሮጠውን ነው የሚመርጡት» አሉኝ። እውነት ነው! ልጅ መች ፍሬን ይጠይቃል፣ የሚጠይቀው እኛ ነበርን። ያ ፔዳል ላይ የሳቀብኝ ሠራተኛ በእጅ ዋጋ ላይ ቅናሽ አደረገ፣ ሦስት አባወራዎች አዋጣንና የስድስቱም የፍሬን ገመድና ላስቲክ ተቀየረ፣ ለአንዱ ሳይክል የወጣው እራት እንኳን የማያበላ ብር ነው። አከራዮቹም ከአስር አመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ አብሮ ካልመጣ ላያከራዩ ተስማሙ። ያከብራሉ ወይ? እስካሁን እያከበሩ ነው።

ከተማው ላይ ለውጥ የለም አልልም። በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር የተሰራላቸው መንገዶች አሉ፣ በ2011 ኅዳር ላይ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ልጆች አስፋልት ላይ ሳይክል ሲነዱ ያየንበት ነበር፣ ባህር ዳርም ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ፣ 380 ሜትር የሚረዝመው፣ ለእግረኛና ለሳይክል ቦታ አለው፣ ባለፈው ፋሲካ ልጆቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ፣ ትልቁ ተመልሰን እንሂድ እያለ እስከዛሬ ይጨቀጭቀኛል። የሳይክል ተወዳዳሪው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ቱር ደ ፍራንስ (የፈረንሳዩ ትልቅ የሳይክል ውድድር) ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲነዳ ያየ ልጅ ሁሉ ዛሬም ሳይክል ይፈልጋል። ግን መስመሩ ያለው ዋናው መንገድ ላይ ነው፣ ልጁ የሚለምደው ሰፈር ውስጥ ነው። ከቤቱ እስከ መስመሩ ያለውን ማን ያሻግረዋል? አንዴ ደግሞ ትንሿን ይዤ አንዱ አዲስ መስመር ላይ ስወጣ ደንብ የሚያስከብረው ሰውዬ «ሕፃን እዚህ አይነዳም» ብሎ መለሰን፣ የት እንደሚነዳ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የኛ ኮሚቴ (እንደምታነቡት አውቃለሁ፣ ጋዜጣው በር ላይ ይሸጣል) ክልከላውን አንሱና የታችኛውን ፓርኪንግ እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ለልጆቹ ስጡልን፣ መኪና ያለን ሰዎች ላይኛው ላይ እናቆማለን፣ መግቢያው ላይ ገመድ እንወጥራለን፣ በየተራ ሁለት ወላጅ ይቆማል፣ ቁልቁለቷ ላይ ደግሞ ማንም አይነዳም፣ እሷን እኔም እስማማለሁ ትከልከል። ትምህርት ቤቶችም ቅዳሜ ዝግ የሚውለውን ሜዳችሁን ለሁለት ሰዓት ብትከፍቱት ሣሩ አያልቅም። ክንዱ የተሰበረው ልጅ ጄሶው በሚቀጥለው ወር ይወጣል፣ እናቱን አናግሬያታለሁ፣ መጀመሪያ «ሳይክል የሚባል ቃል እንዳልሰማ» ብላኝ ነበር፣ ባለፈው ግን ልጁ በአንድ እጁ ጠመኔውን ይዞ ለሌሎቹ መስመር ሲያሰምር አየችውና ዝም አለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች አባት፣ አዲስ አበባ

ማሳሰቢያ፦ ቁጥር 15 ቁልፍ ለሚፈልግ የሳይታችን ሰው እኔ ጋ አለ፣ ብሎኬን ጥበቃው ያውቀዋል። የግራው በተቃራኒው ነው።